ፍላሹ እምቢ ያለው ቁጥር

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ ማታ

ነገሩ የጀመረው በሠርግ ቪዲዮ ነው። ሠርጉ የግንቦት ነበር፣ እኛ ኤዲት አድርገን የጨረስነው ሐምሌ ላይ ነው። የሙሽራው ወንድም ዛሬ ከአጋሮ ድረስ መጥቶ ፍላሹን ሰጠኝ። ባለ 16 ጊጋ፣ ምንም ያልተጫነበት። ቪዲዮው ደግሞ ከ4 ጊጋ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ፋይሉ ለዚህ ፍላሽ ትልቅ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ሰውዬው አየኝ። "16 አይደል እንዴ የሚለው? ሸወዱኝ ማለት ነው?"

አልሸወዱትም። ፍላሹ የተዘጋጀው ፋት32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ፎርማት ነው። በፋት32 የአንድ ፋይል መጠን የሚጻፍበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። 32 ማብሪያ ማጥፊያ በተርታ አስቡ። ሁሉም ሲበሩ የሚነበበው ቁጥር 4,294,967,295 ነው። ፋይሉ ከዚያ በአንድ ባይት ከበለጠ መጠኑን የሚጽፉበት ቦታ የለም። ፍላሹ ባዶ ሆነም አልሆነም። ፎርማቱን ልቀይርልህ ብዬው ነበር፣ የቤታቸው ቴሌቪዥን ሌላ አያነብም አለኝ። ስለዚህ ኬኩ ሊቆረስ ሲል ቪዲዮውን ለሁለት ቆረጥኩት። "ጋለቶማ" ብሎኝ ሄደ።

ቁጥሩ ግን አልሄደም። 12 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሱቁ ካለበት ከአጂፕ ሰፈር ወደ ቤት የሚወስድ ባጃጅ የለም። የእህቴ ልጅ ሚጡ አብራኝ ነበረች። 8ኛ ክፍልን ጨርሳ ክረምቱን ሱቅ ታግዘኛለች፣ ወይም ታግዘኛለች ይባላል።

"ይሄ ቁጥር ለስንት ይካፈላል?" አልኳት፣ ዝም ብዬ።

"በስልክ ወይስ በእጅ?"

"በእጅ።"

"ስልክ ከነካህ ተሸነፍክ" አለችኝ። ሕጉ በዚሁ ጸደቀ።

ወረቀት ሞልቷል። ቀኑ ተሳስቶ የታተመ አንድ ካርቶን የሠርግ መጥሪያ አለን። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ጀርባው የኔ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ከሥሩ ሠራነው። ከ1 ተነስተን እጥፍ፣ እጥፍ፣ እጥፍ። 16 ጊዜ ሲታጠፍ 65,536 ይሆናል። 65,536ን በራሱ ስናባዛው 4,294,967,296 መጣ። የፍላሹ ቁጥር ከዚህ በአንድ ያንሳል። እዚህ ላይ የ9ኛ ክፍል ትምህርት ትዝ አለኝ። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት ለሁለት ይሰነጠቃል። 65,535 ሲባዛ በ65,537 ማለት ነው። 65,535 ደግሞ በዚያው መንገድ 255 ሲባዛ በ257። 255 ያው 15 ሲባዛ በ17። እንዲህ እየሰነጠቅን ወረድን።

4,294,967,295 = 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537።

20 ደቂቃ አልፈጀም። የመሃለኛው 4,294,967,296 ከ2 በቀር ምንም የለበትም። ሚጡ ወደ ላይኛው ጎረቤት ጠቆመች። 4,294,967,297። ጎዶሎ ነው። የአኃዞቹ ድምር 59 ስለሆነ ለ3 አይካፈልም። ለ5ም። ለ7 አካፈልነው፣ 5 ቀረ። ሻማው አለቀ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ዛሬ በጉልበት ሞከርን። ፕራይሞቹን፣ በአማርኛው መጽሐፍ ብቸኛ ቁጥሮች የሚባሉትን፣ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉትን፣ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ። ለ11፣ 5 ቀረ። ለ13፣ 10። ለ17፣ 2። ለ19፣ 7። ለ23፣ 13።

29 ላይ የሆነውን በዝርዝር ልጻፍ፣ ይገባኛል። እያካፈልኩ ነው። 42 ውስጥ 29 አንድ ጊዜ፣ 13 ቀረ። 9ኙን አወረድኩ፣ 139። አራት ጊዜ፣ 23 ቀረ። 4ቱን አወረድኩ፣ 234። ስምንት ጊዜ፣ 2 ቀረ። 9ኙን አወረድኩ፣ 29። አንድ ጊዜ። ዜሮ ቀረ። በዚህ መሃል ከጎረቤት ቡና ተጠራሁ። እሑድ ቡና ተጠርቶ አይቀርም፣ ያውም ጅማ። ሦስተኛውን ጠጥቼ ስመለስ ካርዱ ላይ ከታች ዜሮ ተቀምጧል። ከላይ 1481። ዘለልኩ። "አገኘሁት! 29 ነው!" ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰብኩ።

ሚጡ ካርዱን አየች። "አጎቴ፣ አንድ ቢሊዮን ምናምን መቶ ሚሊዮን ነው እኮ የሚደርሰው። 1481ን በ29 አባዛው እስኪ።"

42,949። የቁጥሩ ግማሽ ጎን ብቻ። የቀሩትን አምስት አኃዞች አላወረድኳቸውም ነበር። ስጨርሰው 148,102,320 ደርሶ 17 ቀረ። እሷም ብትሆን አንድ ቢሊዮን ስትል ማጋነኗ ነበር፣ ግን ያንን የማንሳት ሞራል አልነበረኝም። ቡና የጠሩን እትዬ "ምኑን ነው ያገኘኸው ልጄ?" አሉኝ። ምንም አላልኩም።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ሥላሴ ነው፣ ፎቶ የሚነሳ ሰው በዛ። 31፣ 37፣ 41፣ 43፣ 47። ቀሪዎቹ 5፣ 8፣ 38፣ 17፣ 43። የለም።

ማታ ሒሳቡን ሠራሁ፣ የድካሙን ማለቴ ነው። ቁጥሩ የሚሰበር ከሆነ ከሰባሪዎቹ አንዱ የግድ ከ65,536 በታች ነው። ከዚያ በታች ያሉት ፕራይሞች 6,542 ናቸው። አንዱን ማካፈል 4 ደቂቃ ይፈጅብኛል። በየማታው ሁለት ሰዓት ብሰጠው 218 ማታ። የካቲት ላይ እንገናኝ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ጋሼ መጡ። የድሮ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሱቄ የሚመጡት ለፎቶ ኮፒ ነው፣ ግን ሁለት ገጽ ኮፒ አድርገው ሁለት ሰዓት ነው የሚያወሩት። ባንኮኒው ላይ ካርዶቹን አዩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

"ይሄን ቁጥር ማን ሰጠህ?"

"ፍላሽ።"

"ፌርማ የወደቀበት ነው እኮ!"

ከዚያ በኋላ ሱቁ ክፍል ሆነ። ፌርማ የፈረንሳይ የሕግ ሰው ነበር፣ ሒሳብ ለእሱ የትርፍ ጊዜ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1640 በደብዳቤዎቹ አንድ ነገር ጻፈ። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 ሁሉም ፕራይም ናቸው፣ እንዲህ እየቀጠሉ፣ ካለፈው ላይ አንድ ቀንሰን በራሱ አባዝተን መልሰን አንድ ስንጨምር፣ የሚመጡትም ፕራይም ይሆናሉ ብሎ። ሚጡ ካርቶኑ ውስጥ ገብታ የቅዳሜውን ካርድ አወጣች። አምስቱም እዚያ ናቸው። የፍላሹ ቁጥር የአምስቱ ብዜት ነው። ስድስተኛው ማን ነው? የኛው 4,294,967,297።

ጋሼ ወደ ጎን መሄድ ይወዳሉ። በ1796 ጋውስ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ባለ 17 እኩል ጎን ምስል በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ መሳል እንደሚቻል አሳየ። እንዲህ ሊሳሉ እንደሚችሉ ከሚታወቁት ባለ ጎዶሎ ጎን ምስሎች ትልቁ ባለ 4,294,967,295 ጎን ነው። "የፍላሽህ ቁጥር" አሉኝ፣ እኔ የፈጠርኩት ይመስል። የሚስለውስ ማን ነው? ከክብ በምን ይለያል?

ወደ ጉዳያችን ስንመለስ ጥሬ ቡና ጠየቁ። ቡና እዚህ አይጠፋም። ፍሬዎቹን ባንኮኒው ላይ መደርደር ጀመሩ።

"አሥራ ሰባት ሲሞላ አንሣ፣ ሕጉ ይኸው ነው። አንድ ፍሬ። እጠፈው።" ሁለት። አራት። ስምንት። አሥራ ስድስት። ሠላሳ ሁለት ሲሆን አሥራ ሰባቱ ተነሱ፣ አሥራ አምስት ቀሩ። ሠላሳ፣ አሥራ ሦስት ቀሩ። ሃያ ስድስት፣ ዘጠኝ ቀሩ። አሥራ ስምንት፣ አንድ ቀረች።

"ስንተኛው እጥፍ ላይ ወደ አንድ ተመለስክ?"

"ስምንተኛው።"

"አጋማሹ ላይ፣ አራተኛው ላይ፣ ስንት ነበርክ?"

"አሥራ ስድስት። ለአሥራ ሰባት አንድ የጎደለው።"

"እሱን ያዝ። አሁን ቁጥርህን እኩል የሚያካፍል ፕራይም አለ እንበል። 32 ጊዜ አጥፈህ አንድ ስትጨምር ሞላ ማለት፣ ሳትጨምር አንድ ጎድሎት ነበር ማለት ነው። 32ኛው አጋማሽ ነው። ወደ አንድ የምትመለሰው 64ኛው ላይ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም።"

ከዚያ ዋናውን ጣሉ። ዙሩ፣ ማለት ወደ አንድ እስክትመለስ ያለው የእጥፍ ብዛት፣ ምን ጊዜም ፕራይሙ ሲቀነስ አንድን እኩል ያካፍላል። ለ17 ዙሩ 8 ነው፣ 8 ደግሞ 16ን ያካፍላል። ስለዚህ የኛን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ፕራይም አንድ ሲቀነስለት ለ64 መካፈል አለበት። ሌላውን ሁሉ መተው ነው። 29ንም፣ 31ንም፣ 37ንም።

"ይሄን ያወቀው ማን ነው?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ራሱ ፌርማ። በዚያው በ1640፣ ፍሬኒክል ለሚባል ወዳጁ ጽፎታል።"

ቁልፉ በእጁ ነበር ማለት ነው። በሩን ግን አልከፈተም። እኔ ለሦስት ቀን በዱላ ስደበድበው የነበረውን።

ጋሼ የፎቶ ኮፒውን ልክፈል ሲሉ አይሆንም አልኩ። ቡናውን ኪሳቸው ጨመሩት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ ሌሊት

የአዌቱ ወንዝ ሞልቷል። መብራት የለም። ቤት ነን፣ በርጩማው ላይ ፋኖስ አስቀምጠን።

64፣ ሲደመር 1። 128፣ ሲደመር 1። እንዲህ እየሄድን ዝርዝሩን አወጣን፣ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ፕራይም ያልሆኑትን ሚጡ ሰረዘቻቸው። አምስት ቀሩ፣ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641።

አሥሩን አኃዝ ተሸክመን አላካፈልንም። 65,536ን ብቻ እናካፍላለን፣ ቀሪውን በራሱ እናባዛለን፣ እንደገና እናካፍላለን። መጨረሻ ላይ አንድ እንጨምራለን። ቡናውን ያየ ሰው ይሄ ለምን እንደሚሠራ ይገባዋል፣ የሚነሳው ተነስቶ የሚቀረው ብቻ ነው የሚቆጠረው።

193 ላይ መጨረሻ የቀረው 109 ነው። 257 ላይ 2። 449 ላይ 325። 577 ላይ 288። እስከዚህ ድረስ ሚጡ እያዛጋች ነበር።

641። 65,536 ውስጥ 102 ጊዜ፣ 65,382። 154 ቀረ። 154 በራሱ፣ 23,716። በውስጡ 641 ሠላሳ ስድስት ጊዜ፣ 23,076። ስቀንስ 640።

እርሳሱን አስቀመጥኩት። አንድ ብቻ ጎደለው። ቁጥራችን ደግሞ ያንን አንድ ይዞ ነው የመጣው።

"አንዱን ጨምረው" አለችኝ ሚጡ፣ ቀስ ብላ።

641። ሞላ። ቀሪ ዜሮ። ዛሬ ቡና የጠራኝ ሰው የለም፣ አምስቱም አኃዝ ወርዷል። ግን ደግሜ አረጋገጥኩ። እሷም ደገመችው።

641 በፕራይሞች ተራ 116ኛው ነው። በጉልበት ብቀጥል ኖሮ ከ47 በኋላ እስኪደርሰኝ 101 ማካፈል ይጠብቀኝ ነበር። በጋሼ መንገድ አምስተኛው ላይ መጣ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

4,294,967,297ን ለ641 ሙሉ በሙሉ አካፈልነው፣ 6,700,417 ደረሰ። ማረጋገጥ አለብን።

ጋሼ በጥዋት መጡ፣ ዛሬ ኮፒም አልያዙም። ስንነግራቸው መጀመሪያ ያሉት "ኦይለር ይሄን በ1732 ሲያገኝ ገና 25 ዓመቱ ነበር" ነው። ጎልድባክ የሚባል ወዳጁ በ1729 በደብዳቤ መጨረሻ፣ እንደ ዋዛ፣ ይሄን የፌርማን ነገር ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ነው የጀመረው።

ማባዣውን እሳቸው መረጡልን። በግራ 641ን ለሁለት እያካፈሉ መውረድ፣ ትርፍ አንዱን እየጣሉ። በቀኝ 6,700,417ን እያጠፉ መውረድ። ግራው ሙሉ ቁጥር፣ ማለት ለሁለት እኩል የሚካፈል፣ የሆነበት መሥመር ይሰረዛል። 641፣ 320፣ 160፣ 80፣ 40፣ 20፣ 10፣ 5፣ 2፣ 1። ጎዶሎዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፣ 641፣ 5 እና 1። በትይዩአቸው ያሉት 6,700,417፣ 857,653,376 እና 3,430,613,504።

ደመርናቸው። 4,294,967,297። አንድም አኃዝ አልሳተም።

"ፈረንጆች ይሄን የኢትዮጵያ ማባዛት ይሉታል" አሉ ጋሼ። "የሩሲያ ገበሬ ማባዛትም የሚሉት አሉ።" በመሠረቱ እጥፍ እየሠሩ ማባዛት የጥንት ግብጾች በፓፒረስ ጽፈው የተዉት ነው። እኔ ግን እናቴ ሂርማታ ገበያ ላይ ቡና ስትሸጥ ነው ያደግኩት፣ እንዲህ ስታባዛ አንድ ቀን አላየሁም። በጣቷ ነበር የምትቆጥረው፣ ተሳስታም አታውቅም። ስሙን ማን እንደሰጠን እንጃ፣ ዘዴው ግን ጥሩ ነው።

ከመሄዳቸው በፊት ጋሼ አንድ ካርድ ለመኑን። ጀርባው ላይ ሦስት መሥመር ጻፉ። እስካሁን እያየሁት ነው።

641 ማለት 5 × 128 ሲደመር 1 ነው። ስለዚህ 5 × 128 አንድ ይጎድለዋል። አንድ የጎደለው አንድ በጎደለው ሲባዛ አንድ ይተርፋል፣ አራት ጊዜ ካባዛነውም አንድ ይተርፋል። 5 አራት ጊዜ ሲባዛ 625፣ 128 አራት ጊዜ ሲባዛ ደግሞ ከ1 ተነስቶ 28 ጊዜ የታጠፈው ነው። በሌላ በኩል 641 ማለት 625 ሲደመር 16ም ነው። ስለዚህ 625 ማለት 16 የጎደለው ማለት ነው። 16 ራሱ 4 ጊዜ የታጠፈው ነው። 28 እና 4፣ 32። እንግዲህ 32ኛው እጥፍ አንድ ይጎድለዋል።

ማካፈል የለም። የሠርግ መጥሪያ ጀርባ ላይ አለቀ። ትንሽ ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

የቀረው 6,700,417 ራሱ ይሰበራል ወይ የሚለው ነው። የሱ ሰባሪም የትልቁ ሰባሪ ስለሆነ ያው የ64 ሕግ ይገዛዋል። 2,589 በራሱ ሲባዛ ከሱ ስለሚበልጥ እስከ 2,588 ብቻ ማየት ይበቃል።

ዝርዝሩን ስንቀጥል ሚጡ ሁለት ቁጥር ላይ ቆመች። 1665 እና 1729 ተከታትለው ነው የሚመጡት። 1729 ጎልድባክ ደብዳቤውን የጻፈበት ዓመት ነው። 1665 ደግሞ ፌርማ የሞተበት። መሃላቸው 64 ዓመት። ምንም ማለት አይደለም፣ አውቃለሁ። ሁለቱም ፕራይም አይደሉም፣ 1665 ለ5 ይካፈላል፣ 1729 ደግሞ 7 × 13 × 19 ነው። ሰረዝናቸው። ግን ሚጡ ስትሰርዝ ቀጭን መሥመር ነው የተጠቀመችው።

193፣ 257፣ 449 እና 577 ትልቁን ስላላካፈሉት ይሄንንም አያካፍሉም። ሰባት ቀሩ፣ ተካፈልናቸው፣ እኔ አራት እሷ ሦስት። 641 እንደገና፣ 44 ቀረ። 769፣ 120። 1153፣ 334። 1217፣ 832። 1409፣ 622። 1601፣ 232። 2113፣ 94። አንዱም አልሞላም። 6,700,417 ፕራይም ነው።

ሚጡ "ቀጣዩስ?" አለች። 64 ጊዜ የታጠፈው ሲደመር አንድ፣ 18,446,744,073,709,551,617። እሱንም ጋሼ ያውቁታል። ላንድሪ የሚባል ፈረንሳዊ በ1880 አተመው፣ በ82 ዓመቱ። ትንሹ ሰባሪ 274,177 ነው። የሱ ሕግ 128 ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ 2,142ኛው መሆኑ ነው። የኛው 10ኛው ነበር። ሚጡ ካርቶኑን ከፍታ የቀሩትን መጥሪያዎች መቁጠር ጀመረች። እኔ የሚጠብቀኝ ሌላ የሠርግ ቪዲዮ አለ፣ እሱም የግንቦት።

ዋናውን ካርድ ሚጡ ከባንኮኒው በላይ ለጥፋዋለች፣ 4,294,967,297 ብላ፣ ኮማዎቹን ትታ። ከሰዓት አንድ ደንበኛ ገብቶ ጉርድ ፎቶ እስኪታተምለት አንጋጦ ሲያየው ቆየ። አሥር አኃዝ ነው።

"ይሄ የማነው ስልክ?" አለኝ። "በአራት የሚጀምር ወጣ እንዴ?"